የቀብር አስፈጻሚነት ሥራ፦ የሙያ ፈተና፣ የንግድ ፈቃድና የሞት ምዝገባ

በኢትዮጵያ የቀብር አስፈጻሚ ለመሆን የሚያበቃ ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ፈተና የለም። ለፈተና ለመመዝገብ፣ የፈተና ቀን ለማወቅ ወይም የመመዝገቢያ ክፍያ ለመፈጸም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ አመልካች ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከብዙ ምልልስ ይድናል። እንዲህ ያለ ፈተና አለ በማለት የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥም ክፍያ ከመፈጸም መቆጠብና ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

ፈተና የለም ማለት ግን ሥራው ከሕግ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ሕጉ ቀብር አስፈጻሚውን ግለሰብ በፈተና አይመዝንም፤ ድርጅቱን በንግድ ፈቃድ፣ ሞቱን በክብር መዝገብ፣ የሟችን ክብር ደግሞ በወንጀል ሕግ ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 493 መቃብርን ማርከስን፣ የቀብር ሥነ ሥርዓትን ማወክንና አስከሬንን ማዋረድን ያስቀጣል። ድንጋጌው ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም፣ በክፍያ የሚሠራውንም በነጻ የሚያገለግለውንም እኩል ይመለከታል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለሦስት ዓይነት ተገልጋዮች ነው። የመጀመሪያዎቹ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ለመክፈት የሚያስቡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ሙያውን በውጭ ሀገር የተማሩ ወይም ለመማር የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሦስተኛዎቹ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ከሁሉም በላይ መረጃው የሚያስፈልጋቸው እነርሱ በመሆናቸው የጽሑፉ ሰፊ ክፍል ለእነርሱ ተሰጥቷል።

ፈተናው የሚሰጥባቸው ሀገሮች

የቀብር አስፈጻሚነት የፈቃድ ፈተና በይበልጥ የሚታወቀው በአሜሪካ ነው። በዚያ ሀገር ሙያው ያደገው አስከሬንን በመድኃኒት ከማቆየት ሥራ ጋር ነው። በ1861 እ.ኤ.አ. የጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ከቤታቸው ርቀው የሞቱ ወታደሮችን አስከሬን በባቡር ወደ ትውልድ ቦታቸው መመለስን አስፈላጊ ስላደረገ፣ አስከሬን የማቆየት ሥራ መተዳደሪያ ሆነ። ሥራው መርዛማ መድኃኒቶችን መጠቀምንና የሰውነት ክፍሎችን ማወቅን የሚጠይቅ በመሆኑ ግዛቶች ባለሙያዎችን በፈቃድ መቆጣጠር ጀመሩ፤ ቨርጂኒያ በ1894 እ.ኤ.አ. ሕግ በማውጣት ከሁሉም ቀደመች።

ዛሬ አመልካቹ በአብዛኞቹ ግዛቶች ዕውቅና ካለው የቀብር አገልግሎት ትምህርት ቤት ይመረቃል፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ለተወሰነ ጊዜ በተለማማጅነት ይሠራል፣ ብሔራዊ የቦርድ ፈተናውንና የግዛቱን ሕግ የሚመለከት ፈተናም ይወስዳል። ብሔራዊው ፈተና ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ቀብር ማዘጋጀትን፣ ሐዘንተኛን ማማከርን፣ የንግድ አሠራርንና ሕግን የሚመለከት ሲሆን ሁለተኛው የሰውነት አሠራርን፣ ረቂቅ ተሕዋስያንን፣ ኬሚስትሪንና አስከሬን ማቆየትን የሚመለከት ነው።

ፈተና ባልነበረበት ቦታ የደረሰውን ማንሳት ይጠቅማል። የኮሎራዶ ግዛት የሙያ ፈቃዱን በ1983 እ.ኤ.አ. ሰርዞ አርባ ዓመት ያህል ያለ ፈቃድ ቆየ። በ2023 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በአንድ ድርጅት ሕንጻ ውስጥ 190 ገደማ አስከሬኖች ፈራርሰው ተገኙ፤ ከቤተሰቦቹ ብዙዎቹ የዘመዳቸው አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ እንደተሰጣቸው ያምኑ ነበር። ግዛቱ በቀጣዩ ዓመት የሙያ ፈቃድን ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመልስ ሕግ አወጣ። በአንጻሩ በእንግሊዝ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቀብር አስፈጻሚ ለመሆን ፈቃድ አይጠየቅም ነበር፤ ስለሆነም የአሜሪካው አሠራር በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

በኢትዮጵያ ሥራው በማን እጅ ነው

በኮሎራዶ የደረሰው ዓይነት ነገር በኢትዮጵያ በቀላሉ የማይደርስበት ምክንያት አለ። አስከሬኑ ከቤተሰብና ከጎረቤት ዓይን ለረጅም ጊዜ አይርቅም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ገነዛው፣ ጸሎተ ፍትሐቱና ቀብሩ በአመዛኙ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይፈጸማል። በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ አስከሬኑን ማጠብ፣ በከፈን መጠቅለል፣ የጀናዛ ሶላት መስገድና መቅበር ሳይዘገይ እንዲከናወን ሃይማኖቱ ያዝዛል። ገናዡ፣ አጣቢው፣ ቀብር ቆፋሪውና ድንኳን ተካዩ በአብዛኛው ሟችን በስም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

እነዚህን ሰዎች የሚያስተባብረው እድር ነው። እድር በከተሞች፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሰፊው የተስፋፋ የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን አባላት በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሞት ሲደርስ ድንኳን፣ ወንበር፣ የምግብ ዕቃና ገንዘብ ይቀርባል፣ ጥሩምባ ነፊው መርዶውን ለሠፈሩ ያሰማል፣ አባላት በቀብሩ ላይ ይገኛሉ። በቀብር ያልተገኘ አባል በብዙ እድሮች ይቀጣል። በሌላ ሀገር አንድ ባለፈቃድ ድርጅት በክፍያ የሚሠራውን በኢትዮጵያ አንድ ሠፈር በጋራ ይሠራዋል ማለት ይቻላል።

እድሮች የሚተዳደሩት አባላት ባጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ስላደረጋቸው፣ አንድ እድር እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ተመዝግቦ ፈቃድ እንዲያወጣ አይገደድም። የእድሩ ሹማምንት ለሥራቸው የሙያ ፈተና አይቀመጡም፤ የንግድ ፈቃድም አይጠየቁም። የንግድ ፈቃድ ጉዳይ የሚነሣው አገልግሎቱ ለትርፍ ሲሸጥ ነው።

የመቃብር ሥፍራን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ከሙያ ፈተና ጋር ግንኙነት የለውም። ለምሳሌ አራት ኪሎ በሚገኘው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ለመቀበር የሚፈቅደው ካቴድራሉ ራሱ ነው። በዚህ ግቢ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አጽም አርፏል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸው ካለፈ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፉት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ አርበኞች፣ የጥበብ ሰዎችና የመንግሥት ባለሥልጣናትም በዚያው ተቀብረዋል። በሌሎች አጥቢያዎች ፈቃጁ የሰበካ ጉባኤው፣ በሙስሊም መካነ መቃብሮች የሚመለከተው የሃይማኖት አካል፣ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ባሉ ዘላቂ ማረፊያዎች ደግሞ አስተዳደሩ ነው። ማንኛውም ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት የመቃብር ቦታ ራሱ እንደሚሰጥ አድርጎ ውል ሊገባ አይገባም፤ ሊያደርግ የሚችለው ከፈቃጁ አካል ጋር ጉዳዩን መከታተል ብቻ ነው።

የቀብር አገልግሎት ድርጅት መክፈት

ከጊዜ ወደ ጊዜ በአዲስ አበባ የአስከሬን መኪና የሚያከራዩ፣ የሬሳ ሣጥንና የአበባ ጉንጉን የሚያቀርቡ፣ ሐውልት የሚሠሩ፣ አልፎ አልፎም ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያሰናዱ ድርጅቶች ቁጥር እየጨመረ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ሥራዎች ምደባ አራተኛ ክለሳ የቀብርና ተዛማጅ ሥራዎች በ9603 መለያ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ሆነው ተቀምጠዋል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሥራ የሚገዛው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ነው። አመልካቹ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፣ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል፣ ለሥራው አድራሻ የቤት ባለቤትነት ማስረጃ ወይም የኪራይ ውል ያቀርባል፣ ከዚያም ለመረጠው የሥራ መደብ የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። መደቡን መምረጥ ጥንቃቄ ይሻል። የሬሳ ሣጥን የሚሠራ አናጢ፣ መኪና የሚያከራይ ሰውና ሙሉ የቀብር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት አንድ ዓይነት መደብ ላይኖራቸው ይችላል፤ ፈቃዱ የማይሸፍነውን ሥራ መሥራት ደግሞ ያለፈቃድ እንደ መሥራት ይቆጠራል። አመልካቹ ሊሠራ ያሰበውን እያንዳንዱን ተግባር ለፈቃድ ሰጪው ባለሙያ በዝርዝር ቢናገርና የትኛው መደብ እንደሚሸፍነው፣ የትኛውስ አስቀድሞ የብቃት ማረጋገጫ እንደሚጠይቅ ቢጠይቅ ይመረጣል።

የብቃት ማረጋገጫ ከሙያ ፈተና ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። የብቃት ማረጋገጫ ለድርጅቱ የሚሰጥ ሲሆን የሚታየው ቦታው፣ ዕቃውና የሰው ኃይሉ ነው። የሙያ ብቃት ምዘና ግን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው፣ አንድ ግለሰብ በአንድ ሙያ ደረጃ መሠረት በጽሑፍና በተግባር የሚመዘንበት ነው። ቀብር አስፈጻሚ ተብሎ በጥቅሉ የሚመዘን ሰው ባይኖርም፣ በድርጅቱ ውስጥ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ በየራሳቸው ሙያ ምዘና ያለባቸው ወይም ምዘና ቢወስዱ የሚጠቅማቸው ናቸው። የእንጨት ሥራ ባለሙያው በራሱ የሙያ ደረጃ ሊመዘን ይችላል። የአስከሬን መኪና ሾፌሩ ለተሽከርካሪው ዓይነት ተገቢ የሆነ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው።

አስከሬንን በመድኃኒት የማቆየት ሥራና የአስከሬን ምርመራ ግን ለነጋዴ የሚተዉ አይደሉም። እነዚህ በጤና ተቋም የሚከናወኑ ተግባራት ናቸው፤ የጤና ባለሙያዎችም በጤናው ዘርፍ የራሳቸው የሙያ ፈቃድ አሠራርና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ የምዘና ፈተና አላቸው። የቀብር አገልግሎት የንግድ ፈቃድ የያዘ ሰው በዚሁ ፈቃድ ብቻ አስከሬን ላይ መርፌ ሊወጋ ወይም የሞት ምክንያት ሊጽፍ አይችልም። ቤተሰብም እንዲህ ያለ አገልግሎት በመንደር ቢቀርብለት ሊቀበል አይገባም።

ለደንበኛ የሚደረገውን ጥበቃ በተመለከተ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ዋጋቸውን በግልጽ እንዲያሳዩና ደረሰኝ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የሬሳ ሣጥን ሻጭ ከዚህ ነጻ አይደለም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዋጋ ለመከራከር አቅሙም ፍላጎቱም ስለማይኖረው፣ ሣጥንና መኪና እንዲገዛ የሚላከው ከቅርብ ቤተሰብ ውጭ ያለ የእድር አባል ወይም ጎረቤት ቢሆን ይመከራል። ደረሰኙን መያዝም ከዚህ በታች በሚገለጸው ምክንያት ይጠቅማል።

ሞትን ማስመዝገብ

በኢትዮጵያ ብዙ ቤተሰቦች በቀብር ዕለት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላሉ፤ የሚጎድላቸው ከቀብሩ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ድንኳኑ ይነሣል፣ ሣልስቱ ይወጣል፣ ሞቱ ግን በመንግሥት መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። ከወራት በኋላ የሟች ባለቤት ጡረታ ልትጠይቅ፣ ልጆች በባንክ ያለ ገንዘብ ሊያወጡ ወይም ቤት በስማቸው ሊያዛውሩ ሲሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ የሞት ምስክር ወረቀት ይሆናል። ቀብር ስለተፈጸመ፣ እድሩ ስለመሰከረ ወይም ሐውልት ስለቆመ ሞቱ ተመዝግቧል ማለት አይደለም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ማስመዝገብ ግዴታ አድርጓል። በአዋጁ መሠረት አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሞት በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ ሲመዘገብ ወቅታዊ ምዝገባ ይባላል። ከ30 ቀናት በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከሆነ የዘገየ፣ ከዓመት በኋላ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ገደቡ ያለፈበት ምዝገባ ይሆናል። ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የደረሰ ሞት ነባር ኩነት ሲሆን እርሱም የሚመዘገብበት አሠራር አለ። ጊዜው በራቀ ቁጥር የሚጠየቀው ማስረጃ ይበረክታል፤ ጊዜው አልፏል ብሎ መተው ግን ለማንም አይጠቅምም። በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1049/2009 መሠረት በኢትዮጵያ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችና ስደተኞችም በምዝገባው ይስተናገዳሉ።

ሞትን የማስታወቅ ኃላፊነት በቅድሚያ የሚወድቀው ከሟች ጋር አብሮ ይኖር በነበረው ሰው ላይ ነው። እርሱ ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት፣ ካልሆነም ስለሞቱ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ያስታውቃል። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ያገኘ ሰው ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የሞቱ ምክንያት የሚያጠራጥር ከሆነም ቤተሰቡ ቀብሩን ከመፈጸሙ በፊት ፖሊስ እንዲያውቀው ማድረግ ይኖርበታል፤ የተቀበረን አስከሬን ለምርመራ ማውጣት ለቤተሰብ ከባድ ሐዘን፣ ለምርመራውም እንቅፋት ነው።

በጤና ተቋም ለደረሰ ሞት ተቋሙ የሞት ማሳወቂያ ቅጽ ይሰጣል። ቤተሰቡ አስከሬኑን ሲረከብ ይህን ቅጽም አብሮ መጠየቅ አለበት። በግርግሩ መካከል ወረቀቱ ከሐዘንተኞቹ በአንዱ ኪስ ገብቶ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ ለአንድ ረጋ ያለ ሰው በኃላፊነት መስጠት ይበጃል። በቤት ለደረሰ ሞት ወረዳው የሚጠይቀውን የምስክርና የጽሑፍ ማስረጃ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚፈጸመው በወረዳ ደረጃ በሚገኙ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ሲሆን፣ የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎችም በየወረዳቸው ይስተናገዳሉ። የሟች የነዋሪነት መታወቂያና የአስመዝጋቢው መታወቂያ መቅረብ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም በላይ ችግር የሚፈጥረው የስም አለመጣጣም ነው። በአንድ ሰው ላይ ሦስት ስም ሊገኝ ይችላል፤ በመታወቂያው ያለው፣ በእድሩ መዝገብና በሠፈር የሚጠራበት፣ ለጸሎተ ፍትሐት የሚያስፈልገው የክርስትና ስም። ሐኪም ቤት ላይ ቅጹን የሚያስሞላው ሰው በሐዘን ውስጥ ሆኖ የለመደውን ስም ቢናገር፣ የሞት ማሳወቂያው አንድ ስም፣ የቤት ካርታው ሌላ ስም ይዘው ይገኛሉ። መነኩሲት ሆነው ስማቸውን የለወጡ እናቶች፣ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ኖሮ በሌላው የሌለባቸው ሰዎች፣ በአንዱ ሰነድ «ኃይለ ማርያም» በሌላው «ኃይሌ» ተብለው የተጻፉ አባቶች ወራሾች ለዚህ ምልልስ ይጋለጣሉ። ልዩነቱን በፍርድ ቤት ማስተካከል ይቻላል፤ ቅጹ ሲሞላ መታወቂያውን አውጥቶ ፊደል በፊደል ማመሳከር ግን ከዚያ ሁሉ ያነሰ ድካም ነው። የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ጤና ተቋሙ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ የአንድ ቀን ስሕተት እንዳይፈጠር አስመዝጋቢው ከክብር መዝገብ ሹሙ ጋር አብሮ ያረጋግጥ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢው ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች የተዛወሩ ነዋሪዎች ለሁለት ጉዳዮች ትኩረት ቢሰጡ መልካም ነው። አንደኛው፣ መሸኛ ወስደው በአዲሱ ወረዳ መመዝገባቸውን ማረጋገጥ ነው፤ መዝገቡ በአንዱ፣ ኑሮው በሌላው ወረዳ ከሆነ የሞት ምዝገባ ይጓተታል። ሁለተኛው የእድር ጉዳይ ነው። የቀድሞው እድር ርቆ የሄደ አባሉን እስከምን ድረስ እንደሚያገለግል፣ አዲሱ እድር ደግሞ መግቢያ ክፍያውንና ሙሉ አገልግሎት ለማግኘት የሚያስቆጥረውን ጊዜ ደንቡ ይወስነዋል። ከቀድሞው ሳይወጡ በአዲሱም መመዝገብ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍናል። ጎረቤት የሚመሰክረው የሚያውቀውን ሰው ስለሆነ፣ ይህ ለምዝገባውም ይጠቅማል።

ምዝገባው ከቤተሰብ ጥቅም ባሻገር ለሀገርም የሚሰጠው ነገር አለ። ምዝገባው ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ መካነ መቃብሮች ስለሚቀበሩ ሰዎች መረጃ ይሰበስቡ ነበር። በኤድስ ምክንያት ይደርስ የነበረው ሞት መጠንና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የታየው ለውጥ ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የመቃብር ጠባቂዎችና ጸሐፊዎች መዝገብ ነበር።

የቀብር ወጪና ውርስ

ከሟች ንብረት ላይ ዕዳ ሲከፈል የቀብር ወጪ ቅድሚያ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1014 የውርስ ዕዳዎችን ቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ የቀብር ማስፈጸሚያ ወጪን በመጀመሪያ ደረጃ አስፍሯል። ይሁን እንጂ ቅድሚያ የሚያገኘው ከሟች የኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነው ወጪ ብቻ ነው፤ የተዝካር ወጪም በዚህ ውስጥ አይካተትም። ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሣጥኑን፣ መኪናውንና የመቃብሩን ሥራ የከፈለ ዘመድ ወጪውን ከውርሱ ማስመለስ ቢፈልግ ደረሰኞቹ ማስረጃ ይሆኑታል። ለዐርባና ለሰማንያ የደገሰው ግን የራሱ ወጪ ሆኖ ይቀራል። በወንድማማቾች መካከል የሚነሣው የውርስ ክርክር ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚጀምር ልዩነቱን ከድግሱ በፊት ማወቅ ይበጃል።

በአዲስ አበባ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው በከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ አመልካቹ የሟችን የሞት ምስክር ወረቀት አያይዞ ያቀርባል።

ሙያውን በውጭ ሀገር የተማሩና በውጭ ሀገር ለሞቱ ዘመዶች የሚጨነቁ

በአሜሪካ የቀብር አስፈጻሚነት ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ እንጂ የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምሳሌ የየራሳቸው የሙያ ቦርድ ስላለ፣ በአንዱ የተሰጠ ፈቃድ በሌላው በቀጥታ አይሠራም። ወደ ትምህርቱ ለመግባት የሚያስብ ሰው ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ የቀብር አገልግሎት ትምህርት ቦርድ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከመመዝገቡ በፊት ያረጋግጥ፤ ዕውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ ለብሔራዊው ፈተና የመቀመጥ ዕድሉ ይዘጋበታል።

ይህን ፈቃድ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ባለሙያ ፈቃዱን በቀጥታ የሚቀይርበት አሠራር የለም። የትምህርት ማስረጃውን አቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሥራ ለመጀመር ግን እንደ ማንኛውም ነጋዴ ከላይ በተገለጸው መንገድ የንግድ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

በውጭ ሀገር የሞተን ሰው አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚጀመረው በዚያው ሀገር ባለ ባለፈቃድ ቀብር አስፈጻሚ ነው፤ አየር መንገዶች አስከሬንን የሚቀበሉት በአግባቡ ተዘጋጅቶና ታሽጎ ሲቀርብ ነው። በአብዛኛው የሚጠየቁት የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ ለጉዞ መዘጋጀቱን የሚገልጽ የባለሙያ ማረጋገጫ፣ የሟች ፓስፖርትና በዚያ ሀገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሚሰጠው ሰነድ ናቸው። ቤተሰቡ የበረራ ቀን ከመቁረጡ አስቀድሞ ኤምባሲውን ማነጋገር አለበት፤ ሰነዱ ቅዳሜና እሑድ ወይም በዚያ ሀገር በዓል ቀን ላያልቅ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ አስከሬኑን የሚረከበው ሰው ስሙ አስቀድሞ በጭነት ሰነዱ ላይ መጻፍ፣ ሲመጣም መታወቂያ መያዝ ይኖርበታል። ከውጭ የመጣው የሞት ምስክር ወረቀት ለውርስ ወይም ለጡረታ ጉዳይ የሚያስፈልግ ከሆነ በወጣበት ሀገርና በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ወደ አማርኛ በሕጋዊ ተርጓሚ ተመልሶ መቅረብ አለበት፤ ዋናው ሰነድ ከአስከሬኑ ጋር ለሚጓዙ ወረቀቶች ስለሚወሰድ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ የተረጋገጡ ቅጂዎችን በዚያው ሀገር እያሉ ማስወጣት ያስፈልጋል።